ሠላሳ እስኪቆጠር

አልታዬ ብዙነህ ሃያ ዓመት እስኪሞላት ድረስ በሰው ቀንታ አታውቅም። ምን ጎድሏት ትቅና? የግራዝማች ብዙነህ አንድያ ልጅ ናት። ከመካነ ሰላም ወጣ ሲሉ የሚጀምረው ጥቁር አፈር፣ ወግዲን አልፎ ቁልቁል እስኪወርድ ድረስ፣ የአባቷ ርስት ነው። ደሴ ተልካ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች። ገበያ ስትወጣ መንገድ ይለቀቅላታል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ጥላ የሚይዝላት አለ። ቅናትን በስም እንጂ በመልክ አታውቃትም ነበር። በመልክ የተዋወቀቻት በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ያስተዋወቃትም አድማሴ።

አድማሴ የኩታበር ሸማኔ ልጅ ነው። ደሴ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሙያውን ከተማረ በኋላ ካሜራውን ባንገቱ፣ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ በትከሻው አድርጎ መካነ ሰላም መጣና አንዲት ክፍል ተከራየ። ግራዝማች ካባቸውን ደርበው ፎቶ ለመነሣት አስጠሩት።

"አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?" አሉት ወንበራቸው ላይ እንደተኮፈሱ።

"የሸማኔው የይመር ልጅ ነኝ፣ ጌታዬ።"

ከዚያ በኋላ ግራዝማች በቀጥታ አላናገሩትም። የሚሉትን ለአሽከራቸው ይነግራሉ፤ አሽከሩ ሁለት ክንድ ርቆ ለቆመው አድማሴ ይደግምለታል። አድማሴ ቅር አላለውም። እሱም በበኩሉ ወደ አሽከሩ ዞሮ፣ "ለጌታዬ ንገርልኝማ፣ አገጫቸውን ቀና ያድርጉ" አለ በታላቅ ትሕትና። ከጓዳው በር የቆመችው አልታዬ ሳቋ አመለጣት። አድማሴ ሰምቶ ዓይኑን አነሣ። ፎቶው ያን ቀን ሁለት ጊዜ ተበላሸ።

መገናኘት የጀመሩት ከከተማው በታች ባለው ወንዝ ነው። እሷ አክስቷን ልጠይቅ ብላ ትወጣለች፤ እሱ ካሜራውን ሊሞክር ይወርዳል። አንድ ቀን ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ክብ ጥቁር መስታወት አወጣ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ፊልተር ነው። ለካሜራው የፀሐይ መነጽር በይው። ሲገጠምበት ብርሃኑን ይቀንስበታል፣ ሌላ ምንም አይነካም። ብርሃኑ ሲያንሰው ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ መቆየት ግድ ይሆንበታል። በእንዲህ ያለ ጠራራ ዓይን እስኪጨፈን የሚበቃው፣ ይኼ ሲገባ ሠላሳ እስክቆጥር ይፈልጋል።"

"ቆይቶስ ምን ያያል?"

"የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ይተንበታል። የቆመው ብቻ ይቀራል።"

ወንዙን አነሣው። በሳምንቱ ሥዕሉን አጥቦ ሲያሳያት፣ ድንጋዮቹ እንደ ድንጋይነታቸው ተቀምጠው፣ ውሃው ግን የተነደፈ ጥጥ ሆኖ በመካከላቸው ተዘርግቷል። "እናቴ ብታየው እንዝርቷን ታነሣበት ነበር" አለ። አልታዬ እጇን ሳታስበው ወደ ሥዕሉ ሰደደች።

"በል እኔንም በዚሁ አንሣኝ!"

"ሠላሳ እስክቆጥር ትቆሚያለሽ?"

"ምን ያቅተኛል?"

"አይምሰልሽ። የሚወደኝ ብቻ ነው የሚቆምልኝ" አለ እየቀለደ።

ቆመች። እሱ አሥር ሲል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ አሥራ አምስት ላይ ሳቀች፤ ሃያ ላይ ዝንብ መጣባት፤ ሃያ አምስት ላይ "በቃ፣ አልቻልኩም!" ብላ ዞረች። ሥዕሉ ሲወጣ ከኋላዋ ያለው የሾላ ግንድ ቅርፊቱ ሳይቀር ይቆጠራል። አልታዬ ግን ነጭ ጉም ናት፤ ከነጠላዋና ከእጇ በቀር ምኗም አይታወቅም።

"ሰው አርጌህ ብመጣ ጉም አደረግኸኝ!" ብላ አኮረፈች። እሱ ግን ሥዕሉን ከደረት ኪሱ ከተተና፣ "ይኼ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው" አላት። አልታዬ የተሳለቀባት መሰላት። እየሳቀች ተለየችው፤ ልቧ ውስጥ ግን አንዲት ትንሽ እሾህ ቀረች።

*

በዚያ ዓመት በልጉ ሳይዘንብ አለፈ። ከወግዲ ወዲያ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ያለው ሰው ከብቱ ሲያልቅ ወደ ደጋው ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ አምስት ስድስት ሆነው መጡ፤ ኋላ መንደሩ ሁሉ መጣ። ገበያው ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ ሥር ተደርድረው ይውላሉ። ግራዝማች በእራት ላይ፣ "ችግር የለም። ገበያው ሞልቶ ይታያል። ሰነፍ ድሮም ለማኝ ነው" ይሉ ነበር። ከላይ የሚመጣውም ቃል ያው ነበር፤ ችግር አለ ያለ ሰው ደግሞ ወሬ ነዛህ ተብሎ ይጠየቃል።

አድማሴ ተለወጠ። ከወንዙ ቀረ። ሲያገኛትም ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ብትጠይቀው፣ "ለአንቺ የማይነገር ነገር ነው" ይላታል። የአባቷን ቤት አስቦ መሆኑን አልነገራትም።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን በወፍራም ወረቀት የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ ዕቃ ይዞ መጣ።

"ወደ ወግዲ ልወርድ ነው፤ ልቆይ እችላለሁ። ይህን ሐሙስ ለሾፌሩ ለጀብሪል ስጪልኝ። ደሴ አሻግሬ የሚባል መምህር ጓደኛዬ አለ፣ ለእሱ ያደርሰዋል። መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ የመጨረሻው መኪና ነው። አደራሽን አልታዬ። ደግሞም አትክፈቺው።"

"ለምን አልከፍተውም?"

"ያላየሽውን አላየሁም ለማለት እንዲመችሽ።"

ይህን ብሎ እጇን ሳመና ሄደ። በነጋታው የአጎቷ ልጅ ይርገዱ መጣች። ይርገዱ ወሬ ሆዷ ውስጥ የማያድርላት ሴት ናት።

"ያ ፎቶ አንሺ ሰው አገኘ አሉ፤ ሰማሽ? ሦስት ገበያ ሙሉ አንዲት የወግዲ ሴት ፊት ለፊት ተተክሎ ዋለ። ዳቦም ገዝቶ ሰጣት። እኔም አይቻታለሁ ወዲያ። ረዘም ያለች ናት፤ ዓይኖቿ፣ ወይ ዓይን! ፊቷን ሞልተውት።"

አልታዬ ሳቀች። ይርገዱ እንደወጣች ግን ዕቃውን ከተቀመጠበት አነሣችው።

*

ዕቃውን የፈታችው በጠራራ ቀን፣ የእልፍኙን በር ቀርቅራ ነው። ሲባጎውን በጥርሷ ፈታችው።

ሦስት ትልልቅ ሥዕሎች ወጡ። ሦስቱም ገበያው ነው። ሻጩና ገዢው፣ አህያውና ግመሉ፣ ሁሉም ተንኖ አንድ ትልቅ የጭስ ወንዝ ሆኗል። በጭሱ መካከል አንዲት ሴት ቆማለች። የነጠላዋ ጥለት፣ የጉንጯ አጥንት፣ የቅንድቧ ፀጉር ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ትልልቅ ዓይኖቿ ቀጥ ብለው የሚያነሣትን ሰው ያያሉ። በሦስቱም ሥዕል፣ በሦስት ገበያ፣ ያችው ሴት።

"ሦስት ጊዜ ቆመችለት" አለች አልታዬ ለራሷ። "ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ።"

ከሥዕሎቹ ሥር ደብዳቤው ነበር።

"ወንድሜ አሻግሬ፣ እንደምን ሰንብተሃል? እኔስ ደህና አይደለሁም። ልቤን የወሰደችውን ሴት መልኳን ልኬልሃለሁ፤ ፊቷን ደህና አድርገህ እይልኝ፣ እዚያ ላሉት ወዳጆቻችንም አሳይ። ካየኋት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ እህልም አይዋጥልኝም። ዘመዶቿ ብዙ ናቸው፣ አገሩን ሞልተውታል። ሽማግሌዎቹ ቶሎ ይምጡ። ጥሎሹ ወርቅም ልብስም አይሁን፣ እህል ይሁን። ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ድረሱ። ከክረምቱ በኋላ ብትመጡ ሙሽራዪቱን አታገኟትም። ወንድምህ አድማሴ።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ፊደሎቹ ራሳቸው እንደ ገበያው ሰው ተንነው ጠፉባት። እሷ፣ የግራዝማች ብዙነህ ልጅ፣ ለሸማኔ ልጅ ስትል ከአባቷ ዓይን ስትደበቅ፣ እሱ ከግንብ ሥር ለቆመች ለማኝ ሽማግሌ ይልካል! ያውም በእሷው እጅ!

ከመስታወቷ ፊት ሄዳ ቆመች። ዓይኗን ዓይኗ ላይ ተክላ መቁጠር ጀመረች። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሽፋሽፍቷ ተርገበገበ። እንደገና ጀመረች። ሃያ ሁለት ላይ አንገቷ ከዳት። የሚወደኝ ብቻ ነው የሚቆምልኝ ያለው ትዝ አላት። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ የኀዘን እንባ ሳይሆን፣ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል እንባ።

*

ሐሙስ ጠዋት ጀብሪል መኪናውን አቁሞ ከአጥሩ ውጭ ተጣራ።

"እታለም! አድማሴ ዕቃ አለኝ፣ ከሷ ተቀበል ብሎኝ ነበር።"

"የለም" አለች።

"እንዴት የለም? ወላሂ አደራ ብሎኛል። ሳትይዝ እንዳትሄድ ነው ያለኝ።"

"የለም አልኩህ! ሰውየው ቀልዶብህ ነው።"

ጀብሪል ትክ ብሎ አያት። "እሺ እታለም፣ አብሽሪ" ብሎ ሄደ። የመኪናው ድምፅ ዳገቱን እስኪጨርስ ድረስ አጥሩን ተደግፋ አዳመጠች። ዕቃው ሣጥኗ ውስጥ፣ ከበዓል ቀሚሷ ሥር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አድማሴን እንደያዘችው ተሰማት።

ወደ ወግዲ በሚወርድ ነጋዴ እጅ አጭር ወረቀት ላከችለት። "ጥሎሹን በርታና ሰብስብ። በእኔ በኩል የሚመጣልህ ሰው የለም። አልታዬ።"

መልስ አልመጣም። ዝናቡ መጣ። ጭቃው መንገዱን ቆለፈው፤ መኪና የሚባል ነገር ቀረ። ቀኑን ሙሉ፣ አሁን እሷን እያሰበ ይሆናል፣ አሁን ከዘመዶቿ ዘንድ ተቀምጦ ይሆናል እያለች ራሷን በላች። ሥዕሎቹን በቀን አሥር ጊዜ አውጥታ ያችን ሴት ታያለች። አንዳንዴ ከእሷ የሚያንስ ነገር ታገኝባትና ደስ ይላታል፤ ወዲያው ግን ዓይኖቹ ያሸንፏታል።

በሐምሌ መጀመሪያ መታገሥ አልቻለችም። ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ወርቋን አድርጋ፣ ብቻዋን ወደ ግንቡ ሄደች። የምትለውን በልቧ ስታጠናው ነው የሄደችው።

ሴትዮዋን ወዲያው አወቀቻት። አሁን ቆማ አልነበረም፤ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከሥዕሉ ይልቅ ከስታለች። የአልታዬ እኩያ ወይ በዕድሜ ትንሽ ከፍ የምትል ናት።

"ስምሽ ማን ነው?"

"ወርቄ እባላለሁ እመቤቴ።"

"ፎቶ አንሺውን ታውቂዋለሽ?"

"የምን አንሺ?"

"ባለሦስት እግር ነገር ተክሎ፣ ፊትሽ ሲቆም የነበረው!"

"አሃ፣ እሱ ሰውዬ" አለች ወርቄ ቀስ ብላ። "እኔስ መሬት የሚለካ መስሎኝ ነበር። ደግ ሰው ነው። እስኪያልቅበት ለሁላችንም ዳቦ አደለን፤ እግዜር ይስጠው። ስሙን አላውቀውም።"

ስሙን አላውቀውም። አልታዬ ያጠናችው ነገር ሁሉ ጠፋባት።

"ታዲያ ለምን ቆምሽለት? ሳትነቃነቂ! ያን ያህል ጊዜ!"

"ለማን ነው የቆምኩት እመቤቴ? ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ነበርኮ። ብነቃነቅ ይነቃል። ሲነቃ እራበኝ ይላል። እራበኝ ሲል የምሰጠው የለኝ። በተኛ ጊዜ እንደ ግንድ ቀጥ ብዬ መቆም ነው፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ሳይርበው ይቆይ ብዬ።"

አልታዬ ሳታስበው ወደ ወርቄ ጀርባ አየች። አንቀልባው ተጣጥፎ ጭኗ ላይ ተቀምጧል።

"ልጅሽስ?"

ወርቄ አንቀልባውን በእጇ ዳበሰችው። "ዝናቡ ሲጀምር" አለች።

አልታዬ ቤቷ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ሥዕሎቹን አወጣች። ከሴትየዋ ትከሻ ኋላ ትንሽ ራስ አለች፤ ጥርት ያለች፣ የተኛች። አሥር ጊዜ ሲታይ የዋለ ሥዕል ላይ እንዴት አላየችውም? ከወርቄ በስተ ግራ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈዋል። በስተ ቀኝ ሁለት ሴቶች አሉ። ከእነሱ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ በግንቡ ርዝመት የተደረደሩ ሰዎች ሁሉ ጥርት ብለው ወጥተዋል። ለመሸጥ፣ ለመግዛት፣ ለመሄድ አቅም ያለው ጭስ ሆኖ፣ ለመንቀሳቀስ አቅም ያጣው ቀርቷል። አድማሴ ጥቁሩን መስታወት ያመጣው ለዚህ ነበር። እሷ ግን ቅናት ከአንድ ሴት በቀር አላሳያትም።

ደብዳቤውን አነሣች። ዘመዶቿ ብዙ ናቸው። ጥሎሹ እህል ይሁን። ከክረምቱ በኋላ ሙሽራዪቱን አታገኟትም።

አፏን በነጠላዋ አፍና ጮኸች።

*

አድማሴ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። መምጣቱን ሰምታ ስትሮጥ ብትሄድ፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ አገኘችው። ልብሱ በስብሶ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ጉንጮቹ ግን በትኩሳት ቀልተዋል።

"ከአሻግሬ መልስ መጣ?" አላት ከሰላምታ በፊት።

ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሲባጎው ተፈትቷል። አድማሴ አየው፤ ከዚያ እሷን አያት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

"ወረቀትሽ ደርሶኛል" አለ። "ምን ማለትሽ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ።"

"አድማሴ፣ አነበብኩት። የምታገባ መሰለኝ። ልቤን የወሰደችው ስትል..."

"በመንገድ ቢይዙት የፍቅር ደብዳቤ ይምሰላቸው ብዬ ነው የጻፍኩት። ሌላ ማንንም አላታለለም። አንቺን ብቻ።"

"ስለምወድህ ነው! የሚወድ ሰው ይቀናል!"

"የሚወድ ሰው ይጠይቃል" አላት። ድምፁን አልጨመረም፤ ቢጮህባት በተሻላት። "አንድ ቃል፣ አልታዬ። ይህች ሴት ማን ናት ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

"አንተስ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

ይህ ነካው። ዓይኑን ጣለ። "እውነት ነው። አባትሽን ፈርቼ ነው። እሱ የኔ ጥፋት ነው፣ አልክደውም።"

ከደረት ኪሱ አንዲት የተጨማደደች ሥዕል አወጣ። የወንዙ ዳር ነበረች፤ ነጩ ጉም።

"እዚያ ወግዲ ምን እንዳየሁ አልነግርሽም። ካሜራዬን ባዞርኩበት ሁሉ ጥርት ያለ ሥዕል ነው የሚወጣልኝ። የሚነቃነቅ ሰው አጣሁ። ሲጨንቀኝ ይህችን አወጣና፣ ሠላሳ እስክቆጥር መቆም ያቃታት፣ የምትስቅ አንዲት ሴት አለችኝ እል ነበር። አንቺ ግን ጉም አደረግኸኝ ብለሽ አኮረፍሽ።"

አልታዬ ከእግሩ ሥር ወደቀች። አላነሣትም፤ አልገፋትምም። ዕቃውን ለመያዝ ተነሣ፤ "በእግሬም ቢሆን..." አለና ግድግዳውን ተደገፈ።  ያመመው ተስቦ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቀው ነበር።

አልጋው ላይ አስተኛችው። ጎረቤቱን ጠርታ አደራ ሰጠች። ሥዕሎቹን በአዲስ ጨርቅ ጠቀለለቻቸው። ከኀፍረቷ በታች፣ ከዚያ ቀን በፊት የማታውቀው አንድ ጠንካራ ነገር ተሰምቷት ነበር።

*

ግራዝማች በረንዳው ላይ ተቀምጠው በቅሎዋ ስትጫን አዩ።

"ወዴት ነው?"

"ደሴ፣ አባባ።"

"በዚህ ጭቃ? ለማን ብለሽ?"

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የሸማኔውንም ልጅ፣ የግንቡንም ሥር። እርስዎ ሰነፍ ነው የሚሉት ሰው የራስዎ ጭሰኛ ነው አለቻቸው። በዕድሜዋ እንዲህ ብላ አታውቅም። ግራዝማች ከንፈራቸው ነጣ።

"ከዚህ በር ከወጣሽ ልጅ አልወለድኩም።"

"እሱንም ለአሽከርዎ ይንገሩት፣ ይንገረኝ" አለች፤ እንባዋ እየወረደ በቅሎዋን ሳበች። አሽከሩ አንገቱን ደፋ።

አምስት ቀን ሄደች። ለሁለት ቀን ጨው ነጋዴዎች አብረዋት ነበሩ፤ ከዚያ ብቻዋን ነበረች። በመንገድ ያየችውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ደሴ ስትደርስ መምህር አሻግሬ ጭቃ የለበሰችውን ሴት አስገብቶ ዕቃውን ፈታ። ደብዳቤውን አነበበ፤ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በመስኮቱ ብርሃን አያቸው።

"በሰኔ ነበር የጠበቅኩት" አለ።

"አውቃለሁ" አለች። "እኔ ነኝ ያዘገየሁት።"

አሻግሬ አልጠየቃትም። ሥዕሎቹን ይዞ ለመምህራኑ አሳየ፤ መምህራኑም ለተማሪዎቻቸው አሳዩ። ሰው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከመደብሩ፣ ተማሪው ከቁርሱ አዋጣ። እህሉ መኪና እስከሄደበት በመኪና፣ ከዚያ በአጋሰስ ተጭኖ ነሐሴ አጋማሽ ላይ መካነ ሰላም ገባ። እህሉን ከጫኑት መኪኖች የጀብሪል ከፊተኞቹ ነበረች። ጀብሪል ከአጋሰሶቹ ጋር መጥቶ አልታዬን ሲያያት አልወቀሳትም። "አብሽሪ እታለም፣ ቢዘገይም ገብቷል" አላት። ያ ቃል ከወቀሳ ይልቅ አሳመማት።

ብዙዎች ዳኑ። ብዙዎች እህሉ ሲደርስ ከግንቡ ሥር አልነበሩም።

አልታዬ ወደ አባቷ ቤት አልተመለሰችም። የገንፎ ድስት ከሚያማስሉት ሴቶች ጋር ተቀላቀለች። አድማሴ ድኖ ተነሣ፤ በድስቱ አጠገብ ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጣታል፤ ከሰላምታ አያልፍም። ቅናቱ ግን አልለቀቃትም ነበር። አድማሴ ከወርቄ ጎን ተቀምጦ ሲያወራ ስታይ አሁንም ማማሰያዋን ታቆማለች፤ ነገሩ ሌላ መሆኑን ታውቃለች። እሱ ወርቄን ፊት ለፊት ማየት ይችላል። እሷን ግን አይችልም። የምትቀናው በዚያ ነበር።

አንድ ቀን ከምንጭ ሲመለሱ ለወርቄ ነገረቻት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳትደብቅ። ወርቄ እንስራዋን አውርዳ አዳመጠቻት።

"ይህን ለምን ነገርሽኝ?" አለች። "እንዲቀልልሽ ነው?"

አልታዬ ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበች።

"እኔ ልጄን አዝዬ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቻለሁ። ያንቺን ደግሞ አልሸከምልሽም። ቢደርስ ይተርፍ ነበር፣ አይተርፍም ነበር፣ እሱን እግዜር ያውቃል። ራስሽ ያዥው።" ጀርባዋን ሰጠቻት። "በይ አሁን እንስራዬን አሸክሚኝ።"

አልታዬ አነሣችላት። ወርቄ ፊት ፊት፣ እሷ ኋላ ኋላ ዳገቱን ወጡ። የተቀበለችው ይቅርታ አልነበረም፤ ግን ብቻዬን ነኝ አላለችም።

*

ከዚያ አገር ተገለባበጠ። ጃንሆይ ወረዱ። በስድሳ ሰባት የካቲት መሬት ለአራሹ ታወጀ። መካነ ሰላም ላይ ሰው ከበሮ ይዞ ወጣ፤ የግራዝማች ጭሰኞች በግራዝማች እርሻ ላይ ዘለሉ። ግራዝማች ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ በረሃው ወረዱ፤ ለልጃቸውም ቃል አልተዉላትም። አልታዬ ለአባቷ አለቀሰች፤ ለመሬቱ ግን አላለቀሰችም።

ሆታው በሁለተኛው ቀን ጋብ ሲል፣ ከእህሉ መጋዘን ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጆንያ ስትጠቅም አድማሴ መጣ። ካሜራ አልያዘም። ፊት ለፊቷ ቆመ።

"አሁን የባላባት ልጅ፣ የሸማኔ ልጅ የሚባል ነገር ቀርቷል ይላሉ" አላት።

"ይላሉ።"

"በመካከላችን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው ማለት ነው።"

"አውቀዋለሁ" አለች፤ መርፌዋን ከጆንያው ሳትነቅል።

"ይቅር ልልሽ ሞክሬ ነበር፣ አልታዬ። ብዙ ጊዜ። ልልሽ እነሣና ያ ግንብ ይመጣብኛል። ደግሞ ልተውሽ እልና ደሴ ድረስ ብቻሽን የሄድሽበት ጭቃ ይመጣብኛል።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"ይቅር እስክልሽ ብጠብቅ እናረጃለን። ሳልልሽ መጣሁ። ብትችዪው።"

አልታዬ ቀና ብላ አየችው። ወደፊት አንዳንድ ጠዋት ፊቱን እንደሚያዞርባት ታወቃት። ምክንያቱን ሳይነግራት ዝም የሚልበት ቀን ይኖራል፤ እሷም ምክንያቱን ታውቀዋለች። ፈራች። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

"ዝም ስትል እጠይቅሃለሁ" አለች። "ዝም ባልክ ቁጥር፣ ምን ሆንክ ብዬ እጠይቅሃለሁ። እሱንስ ትችለዋለህ?"

አድማሴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ጆንያውን ወደ ጭኗ ሰብስባ ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዋን ሲነካት መርፌዋን ከጆንያው ነቀለች። የሰጣት ፍቅር ሙሉ አልነበረም፤ የእሷ መሆኑን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልተጠራጠረችም።